26 ሺ ዲፒአይ አለው ብላችሁ ማውስ ለምትገዙ

"የጌም ማውስ ልገዛ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ?" የሚለኝ ሰው ሁሉ ገና መልሴን ሳይሰማ የሚቀጥለው ዲፒአይ ነው። ይሄኛው 12 ሺ ነው፣ ያኛው 26 ሺ ነው፣ ስለዚህ ያኛው ይሻላል አይደል? አይደለም! እውነት ሰለቸኝ። አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝ ሰው ይሄን ያንብብ።

"ዲፒአይ በበዛ ቁጥር ማውሱ ትክክለኛ ይሆናል"

ዲፒአይ ማለት ማውሱን አንድ ኢንች (2.54 ሴንቲሜትር) ስትገፉት ለኮምፒውተሩ ስንት ካውንት ("ትንሽ ተንቀሳቀስኩ" የሚል ምልክት) እንደሚልክ ነው፣ በቃ። 800 ላይ ከሆነ 800 ይልካል፣ 16000 ላይ ከሆነ 16000 ይልካል። እጃችሁ የሄደበትን ሳይዛነፍ መከተል የሴንሰሩ (ማውሱ ሆድ ስር ያለው እንቅስቃሴ የሚያነበው አይን) ጥራት ነው፣ እሱ ደግሞ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ከተጻፈው ቁጥር ጋር አይገናኝም። እንደውም አንዳንድ ሴንሰሮች ዲፒአይ በጣም ከፍ ሲል የሚንቀጠቀጠውን ምልክት ለማለስለስ ብለው ስሙዚንግ ይጨምራሉ፣ እሱ ደግሞ መዘግየት ያመጣል። ከፍላችሁ ዘገያችሁ ማለት ነው።

በቁጥር ልንገራችሁ። ካውንተር ስትራይክ የሚባለው የተኩስ ጌም ላይ ሴንሲቲቪቲ (ጌሙ ውስጥ የመዞር ፍጥነትን የምታስተካክሉበት ቁጥር) 1 ሲሆን እያንዳንዱ ካውንት 0.022 ዲግሪ ያዞራችኋል። ማውሱን 16000 ላይ አርጋችሁ አንድ ኢንች ብቻ ብትገፉት 352 ዲግሪ ዞራችሁ፣ ሙሉ ዙር ሊሞላ 8 ዲግሪ ነው የቀረው። በዚህ ነው ሄድሾት (ጭንቅላት) የምትመቱት? 800 ላይ ግን ሙሉ ዙር ለመዞር 52 ሴንቲሜትር አካባቢ ያስፈልጋል፣ ብዙ ፕሮ ፕሌየሮችም የሚጫወቱት በዚህ አካባቢ ነው።

"እሱማ ሴንሲቲቪቲውን ዝቅ አረገዋለሁ" የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ታዲያ 26 ሺውን ለምን ከፈልክበት? አንድ የማውቀው ልጅ ልክ እንደዚህ አርጎ ዲፒአዩን ጥግ ሰቅሎ ጌሙ ውስጥ ሴንሲቲቪቲውን መጨረሻ ድረስ አወረደው፣ ከዛ ዴስክቶፕ ላይ ሲወጣ ከርሰሩ እንደ እብድ ይበራል፣ ፋይል መክፈት እንኳን አቃተው፣ እና "ማውሱ ተበላሽቷል" ብሎ ይዞልኝ መጣ። 800 ላይ አርጌ መለስኩለት። ምንም አልተበላሸም ነበር።

ደግሞ ይሄን የሰማ ወደ ሌላው ጥግ ይሮጣል፣ "ፕሮዎቹ 400 ነው የሚጠቀሙት፣ ዝቅ ያለ ነው የሚሻለው።" 400 ልማድ ነው፣ ከድሮ ማውሶች የመጣ፣ እና ብዙዎቹ እጃቸው ስለለመደው አልቀየሩትም። እንደውም በጣም ቀስ ብላችሁ ስታነጣጥሩ 400 ላይ የመጀመሪያው ካውንት የሚመጣው ማውሱ 0.06 ሚሊሜትር ከሄደ በኋላ ነው፣ 1600 ላይ ግን 0.016 ላይ ይመጣል። ልዩነቱ ኢምንት ነው ግን ካለ ያለው ለ1600 ነው። 800 ወይ 1600 አርጉትና እርሱት።

ከዚህ የሚብስብኝ "እገሌ ሴንሲቲቪቲው 2 ነው፣ እኔም 2 አረኩት" ነው። ዲፒአዩስ? የሚነጻጸረው የሁለቱ ብዜት ነው፣ ኢዲፒአይ የሚባለው። 400 በ2፣ 800 በ1፣ 1600 በ0.5 ሁሉም 800 ነው፣ ሁሉም እኩል ያዞራሉ። የሱ 2 በ400 ሆኖ ያንተ 2 በ1600 ከሆነ ከሱ አራት እጥፍ እየፈጠንክ ነው ወንድሜ፣ "ኤይሜ (ማነጣጠሬ) ጠፋ" ብለህ እኔ ላይ አታልቅስ። ጌም ስትቀይሩም ቁጥሩን እንዳለ አታዙሩት፣ ቫሎራንት የሚባለው ሌላ የተኩስ ጌም ላይ 1 የሆነው፣ ካውንተር ስትራይክ ላይ 3.18 ነው፣ ስለዚህ ወደ ቫሎራንት ስትሄዱ ለ3.18 አካፍሉት። እና አንዴ ከመረጣችሁ በኋላ በተሸነፋችሁ ቁጥር አትነካኩት፣ እጅ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል።

"8000 ኸርዝ ካልሆነ አልገዛም።" ፖሊንግ ሬት ማውሱ በሰከንድ ስንት ጊዜ ሪፖርት እንደሚያረግ ነው። 125 ላይ በየ8 ሚሊሰከንዱ፣ 1000 ላይ በየ1 ሚሊሰከንዱ፣ ይሄ ዝላይ ይታወቃል። ከ1000 ወደ 8000 ግን የምታገኙት ከአንድ ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው፣ ሞኒተራችሁ 60 ኸርዝ ከሆነ ደግሞ አዲስ ምስል የሚያሳያችሁ በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ነው። ሲፒዩው ደከም ያለ ከሆነ እንደውም 8000 ኸርዙ ፍሬም ያስጥልባችኋል፣ ምስሉ ይቆራረጣል። መጀመሪያ ሞኒተሩን ቀይሩ።

አይፒኤስ የሚለውንም (ሴንሰሩ ሳይስት የሚከተለው ትልቁ ፍጥነት፣ በሰከንድ በኢንች) አታሳዱት፣ 250 አይፒኤስ ማለት በሰከንድ ከ6 ሜትር በላይ ነው፣ እጃችሁን እንደዛ ከወረወራችሁት ጠረጴዛው አይበቃችሁም።

"ዊንዶውስ ላይ ኤንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን ያለው ፕሪሲዥን ይጨምራል።" ስሙ ነው የሸወዳችሁ፣ አክስለሬሽን ነው። እጃችሁ ያንኑ ርቀት ሄዶ ፈጠን ስትሉ ከርሰሩ ሩቅ ይሄዳል፣ ቀስ ስትሉ ቅርብ። ካውንተር ስትራይክ 2 እና ቫሎራንት ከማውሱ በቀጥታ ስለሚያነቡ (ሮው ኢንፑት የሚባለው) አይነካቸውም፣ ሮው ኢንፑት የሌላቸው ጌሞች ላይ ግን ይነካል፣ ስለዚህ አጥፉት። አንግል ስናፒንግንም አጥፉት፣ መስመር ሊያቃናላችሁ ብሎ እናንተ ያላላችሁትን ይሰራል።

"ዋየርለስ ይዘገያል።" ድሮ እውነት ነበር። አሁን ጥሩ የጌም ማውስ በ2.4 ጊጋኸርዝ ዶንግሉ (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ትንሽ መቀበያ) በ1000 ኸርዝ ይሰራል፣ ከገመዱ ጋር ልዩነቱን አትለዩትም። ብሉቱዝ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ለኦፊስ ስራ ተዉት። ዋየርለሱ እየተቆራረጠ ካስቸገራችሁ ደግሞ ማውሱን ከመርገማችሁ በፊት ዶንግሉ የት እንደተሰካ እዩ፣ ኬዙ ጀርባ ዩኤስቢ 3 ላይ ከተሰካ ሃርድ ዲስክ ጎን ከሆነ እዛው አገኛችሁት፣ ዩኤስቢ 3 ራሱ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይረብሻል። በማራዘሚያ ገመድ አውጥታችሁ ማውስ ፓዱ አጠገብ አስቀምጡት። አሁንም ከዘለለ ማውሱን ገልብጡና የሴንሰሩ ቀዳዳ ውስጥ ጸጉር መኖር አለመኖሩን እዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ አለ።