ከአንኮበርና ከፍቼ እስከ አዲስ አበባ፦ በራሱ የቆመ ሥዕልና ፊልም

ስለ አዲስ አበባ ሠዓሊዎችና ፊልም ሠሪዎች ሲወራ ሰሜን ሸዋን የሚያነሳ ብዙም የለም። መነሳት አለበት። የዘመናዊውን ሥዕል መሠረት ከጣሉት መካከል ሁለቱ ከዚሁ ደጋ የወጡ ናቸው።

አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። በልጅነታቸው የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ እንግሊዝ ተላኩ። ልባቸው ግን ወደ ሥዕል አደላና ለንደን የሚገኘው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። ሲመለሱ ከሠሯቸው ሥራዎች ትልቁ አዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ መስኮት ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለቀለም መስታወት ሲሆን የአህጉሩን ያለፈ መከራ፣ ትግሉንና መጪውን ተስፋ ያሳያል። መኖሪያና ስቱዲዮ ያደረጉትን ቪላ አልፋንም ንድፉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

አለ ፈለገሰላም ደግሞ የፍቼ ልጅ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቤተሰብ ወጥተው ቺካጎ ተማሩ። በ1950 ዓ.ም. ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ መሠረቱ። በእኔ እምነት የእሳቸው ውለታ ይበልጣል። አንድ ሰው የሚሥለው የተወሰነ ነው፣ ትምህርት ቤት ግን ሠዓሊ ያፈራል።

ኤልያስ ስሜ የዚሁ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው። ከመርካቶ የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦና ሰሌዳ ይሰበስባል። ሽቦውን አንድ በአንድ እየጎነጎነ፣ በቀለም እየለየ እንጨት ላይ ይለጥፋል። ከሩቅ ሲያዩት ከላይ የታየ የእርሻ መሬት ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ሁሉም ሽቦ ነው። ከሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር አዲስ አበባ መካኒሳ ሰፈር የገነቡት ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ግድግዳው በአባቶች ዘዴ በጭቃና በጭድ የተሠራ ነው።

ፊልሙ በሌላ መንገድ መጣ። በደርግ ጊዜ በመንግሥት እጅ ነበር። የፊልም ጥቅልም ሆነ ካሜራ ለግለሰብ የሚቀመስ አልነበረም። በ1990ዎቹ የቪዲዮና ዲጂታል ካሜራ ሲረክስ ነገሩ ተለወጠ። ወጣቶች ከኪሳቸው፣ ከዘመድና ከወዳጅ አዋጥተው፣ የጓደኛ ሳሎን ለምነው መቅረጽ ጀመሩ። ለዓመታት የውጭ ፊልም ሲያሳዩ የኖሩ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ የአማርኛ ፊልም ሰልፍ ታየ። እውነት ለመናገር ብዙዎቹ የፍቅር ኮሜዲዎች እርስ በርስ ይመሳሰሉ ነበር። ቢሆንም ተመልካቹ በራሱ ቋንቋ ትኬት መግዛትን የለመደው በእነሱ ነው። በ2007 ዓ.ም. የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በፈረንሳይ በሚካሄደው የካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ።

አሁን የሚከብደው ቦታ ማግኘት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ ጣራ ነክቷል፤ ገና ሥራው ያልተሸጠለት ሠዓሊ ስቱዲዮ ከየት አምጥቶ ይከራያል? ደብረ ብርሃን ያለችው 130 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፣ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ከተማዋ ለሥዕልና ለፊልም የሚሆን የሥራ ቦታ በቅናሽ ብታዘጋጅ፣ ከኪራይ የሸሹትን ትቀበላለች፤ የአንኮበርና የመንዝ ልጆችም እዚሁ አጠገባቸው ይማራሉ።