የድሮ ድምፅ ፍለጋ፦ ስለ ሲንግል ኮይል ፒክአፕ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በሠርግ፣ በሆቴልና በባህል ቡድን የሚጫወት ጊታሪስት ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ በእጁ ባለው ርካሽ ጊታር ላይ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹን ድምፅ የሚያመጣ ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ዕቃ) ቢያስገጥም የትኛውን ይምረጥ? ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ትዝታና አንቺሆዬም ሆኑ ስማቸው ከወሎ ምድር የማይለየው ባቲና አምባሰል፣ በጊታር ሲመቱ ብዙ ጊዜ ክራርን እየተከተሉ በነጠላ ድምፅ ነው። እያንዳንዱ ምት ጥርት ብሎ መነሳት አለበት፤ ሲንግል ኮይልም የሚወደደው በዚህ ነው። ችግሩ ዕቃው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሰው እጅ ስለሚመጣ ሞክሮ መመለስ የለም። ሰው የሚመርጠው በወሬ ነው፤ ወሬው ደግሞ እንዲህ ይላል።

«ኪሎ ኦሙ ከፍ ያለው ፒክአፕ ይበልጣል»

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስበላው ይህ ነው። ኪሎ ኦም የሽቦውን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው። የድሮው አሠራር ስድስት የማግኔት ዘንጎችን በሺህ በሚቆጠር ዙር ቀጭን የመዳብ ሽቦ መጠቅለል ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የፌንደር ኩባንያ ስትራቶካስተር ጊታር ፒክአፕ 42 ቁጥር በሚባለው፣ 0.063 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ሽቦ ይጠቀለል ነበር። እንዲህ ያለ ፒክአፕ በቴስተር ሲለካ ባብዛኛው ከ5.5 እስከ 6.5 ኪሎ ኦም ያነባል። ሻጩ «ይኸኛው 8 ነው» ሲል ብዙ ሰው የተሻለ ዕቃ የተሰጠው ይመስለዋል። ነገር ግን ኦም የሚናገረው ስለ ሽቦው ርዝመትና ቅጥነት እንጂ ስለ ድምፁ አይደለም። ያንኑ ያህል ዙር በአንድ ቁጥር በቀጠነ ሽቦ፣ ማለትም በ43 ቢጠቀለል፣ ንባቡ በሩብ ያህል ይጨምራል፤ ድምፁ ግን በሩብ አይጎላም። ዙሩ ራሱ ከበዛ ደግሞ ፒክአፑ ጉልበት ያገኛል፤ በምትኩ ከላይኛው ድምፅ ይቀነሳል። ያ ብርሃን ከሄደ የድሮ ድምፅ ፍለጋው እዚያው ላይ አበቃ።

በዚያ ላይ መዳብ ሲሞቅ ተቃውሞው ይጨምራል፤ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 0.4 በመቶ። ደሴ በማለዳ ብርድ 6 ኪሎ ኦም ያነበበ ፒክአፕ፣ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ 15 ዲግሪ በሚበልጥ የቀትር ሙቀት ቢለካ ወደ 6.35 ያሳያል። በ0.2 ልዩነት የሚከራከሩ ሰዎች ቴርሞሜትርም ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነበር።

«የሚያጉረመርም ፒክአፕ የተበላሸ ነው»

አይደለም። አንድ ጥቅል ብቻ ያለው ፒክአፕ በዙሪያው ያለውን የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ አንቴና ሆኖ ይቀበላል፤ እኛ ጋ መስመሩ 50 ኸርዝ ስለሆነ ጉርምርምታውም የዚያ ልጅ ነው። ከትራንስፎርመር፣ ከትልልቅ ሞተሮችና ከሸንበቆ መብራት አጠገብ ይብሳል። የፋብሪካ ከተማ በሆነችው ኮምቦልቻ የሚጫወት ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ይህንን ለማጥፋት ነበር በጊታር አምራቹ ጊብሰን ውስጥ ሴት ላቨር የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1955 ባለ ሁለት ጥቅሉን ሃምባከር የሠራው።

«የጊታሩን ሆድ በመዳብ ወረቀት ብትለብጠው ይጠፋል» የሚለው ምክር ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ልባጡ የሚያስቀረው ስስ ዝዝታውን ነው፤ ከትራንስፎርመር የሚመጣው ወፍራሙ ጉርምርምታ ማግኔታዊ ስለሆነ ስስ መዳብ አያግደውም። ከመድረኩ ላይ ዞር ብሎ የጊታሩን አቅጣጫ መለወጥ ብዙ ጊዜ የተሻለ ውጤት አለው። ሌላው መፍትሔ መካከለኛው ፒክአፕ በጥቅሉም በማግኔቱም የተገለበጠበትን ስብስብ መግዛት ነው፤ ሁለት ፒክአፖች አብረው ሲከፈቱ ጉርምርምታቸው ይጣፋል። ሙሉ በሙሉ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹን የተከተለ ስብስብ ይህ የለውም፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ክሩን በእጅ ሲነኩ ዝዝታው የሚቀንስ ከሆነ የመሬት መስመሩ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ብልሽት አይደለም። ማይክራፎን ከንፈር ላይ የሚነዝር ከሆነ ግን ነገሩ ከፒክአፕ ጋር ግንኙነት የለውም። መጫወት ይቁም፤ የአዳራሹን መስመር ኤሌክትሪሺያን ይየው።

«ወደ ክሩ በተጠጋ ቁጥር ይሻላል»

የዘንግ ማግኔት ክሩን ይስበዋል። ሲጠጋ ክሩ በነፃነት መንዘር ይሳነውና በተለይ ወፍራሞቹ ክሮች ወደ ላይኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ወዳለው የብረት መስመር) ሲሄዱ አንዱ ኖታ ሁለት ሆኖ ይወዛወዛል። ቅኝቱ ልክ ነው፣ ክሩ አዲስ ነው፣ ሆኖም ድምፁ አይረጋም። ከማሲንቆ ጋር በአንድ ድምፅ የሚጓዝ ጊታር ላይ ይህ ወዲያው ይጋለጣል፤ ዘፋኙም ጊታሪስቱን ይገላምጣል። ፌንደር ለድሮ ዓይነት ፒክአፕ የሚመክረው መነሻ፣ ክሩ በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኖ በወፍራሙ በኩል 2.4 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ነው። ከዚያ በጆሮ ማስተካከል ነው። «ይህ ፒክአፕ አይረባም» ተብሎ ከተጣለው መካከል በጠመንጃ መፍቻ ብቻ የሚድን አይጠፋም።

«ዘንጎቹ ከፍና ዝቅ ያሉት ኦርጅናሉ ነው»

ውበቱ አያከራክርም። ሆኖም ያ ቁመት የተቀየሰው ሦስተኛው ክር በሽቦ የተጠቀለለ በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ስብስብ ሦስተኛ ክሩ ልሙጥ በመሆኑ፣ ከፍ ያለው ዘንግ ሥር ሲሆን ከጎረቤቶቹ በላይ ይጮኻል። በነጠላ ድምፅ ለሚጫወት ሰው እኩል ቁመት ያላቸው ዘንጎች ይሻሉታል ባይ ነኝ።

«ማግኔቱ ሴራሚክ ከሆነ አትንካው»

የተጋነነ ነው። የድሮው ድምፅ ከአልኒኮ፣ ማለትም ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬል፣ ከኮባልትና ከብረት ቅይጥ የመጣ ነው፤ አልኒኮ 5 ጠንከር ያለ፣ አልኒኮ 2 እና 3 ለስለስ ያሉ ናቸው። ርካሽ ጊታሮች ላይ ያለው የብረት ዘንግና ከሥሩ የተለጠፈ ሴራሚክ የተለየ ድምፅ አለው፤ ለሆቴል ሥራ ግን ያገለግላል።

«ፒክአፑን ከቀየርክ በቃ»

ባለ 250 ኪሎ ኦም የቮሊዩም መቆጣጠሪያ ለሲንግል ኮይል የተለመደው ነው። 500 ቢገጠም ያው ፒክአፕ ይሾላል። በጣም ረጅም ኬብል ደግሞ ላይኛውን ድምፅ ይበላል። ክርና ኬብል መቀየር ስለሚቀልል ከእነሱ መጀመር ይበጃል።

«ለክራርም ይሆናል»

በክሩ ይወሰናል። ይህ ፒክአፕ የሚሰማው ብረት ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ ናይለን ወይም ጅማት ለተወጠረበት ክራር ንዝረትን የሚይዝ ፒየዞ ያስፈልጋል። የብረት ክር ያለው ኤሌክትሪክ ክራር ላይ ሊገጠም ይችላል፤ ግን የክራር ክሮች አቀማመጥ ከጊታር ስለሚለይ ዘንጎቹ ከክሮቹ ሥር ላይውሉ ይችላሉ። ከመግዛት በፊት ፒክአፑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ በክሮቹ መካከል ያለውን ርቀት መለካት፣ ካልገጠመም በዘንግ ፈንታ አንድ ረጅም ብረት ያለውን ዓይነት መጠየቅ ነው።