የአንድ ጎራሽ ጠመንጃ በርሜል፦ ስለ ክብደቱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ጎራሽ ጠመንጃ አሠራሩ ቀላል ነው። ይተኮሳል፣ ይከፈታል፣ ቀለሁ ይወጣል፣ ሌላ ጥይት በእጅ ይገባል። አጋዘን ለማደን ይህን የሚመርጥ ሰው ፍጥነት ፈልጎ አይደለም። አንዷን ጥይት በትክክለኛው ቦታ ማሳረፍ ነው የሚፈልገው።

ጠመንጃው ከተመረጠ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። በርሜሉ ምን ያህል ይክበድ? ጥያቄው የቆየ ነው። የአሜሪካው የጠመንጃ ፋብሪካ ዊንቸስተር የጠመንጃ ሠሪውን የጆን ብራውኒንግን ንድፍ ገዝቶ በ1885 እ.ኤ.አ. ለገበያ ባቀረበው አንድ ጎራሽ ላይ የበርሜል ክብደት ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 5 ይመረጥ ነበር። ቁጥር 1 ቀላሉ፣ ቁጥር 5 ከባዱ። ሌላው የአሜሪካ ፋብሪካ ሩገር በ1960ዎቹ መጨረሻ ያወጣው «ቁጥር 1» የተባለው ጠመንጃም በቀላል፣ በመካከለኛ እና በከባድ በርሜል ተሠርቷል። ምርጫው ሰፊ ሲሆን ወሬውም ይበዛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ከባድ በርሜል ሁልጊዜ አስተካክሎ ይመታል»

ይህ ግማሽ እውነት ነው፣ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው።

ጥይት ሲተኮስ በርሜሉ ይርገበገባል። ወፍራም በርሜል የሚርገበገበው በትንሹ ነው። ልዩነቱም ቀላል አይደለም፤ ግትርነቱ፣ ማለትም አልታጠፍ ባይነቱ፣ የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው፤ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ግትርነቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ከዳር እስከ ዳር 20 ሚሊሜትር የነበረው በርሜል 23 ሚሊሜትር ቢሆን በዓይን ብዙም አይለይም፣ ግትርነቱ ግን ወደ 75 በመቶ ይጨምራል። ከዚህም ሌላ ወፍራም ብረት ቶሎ አይግልም። ሃያ ጥይት በተከታታይ ለሚተኩስ የዒላማ ተወዳዳሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አጋዘን አዳኝ ግን ሃያ ጥይት አይተኩስም። አንድ ይተኩሳል፣ ምናልባት ሁለት። የመጀመሪያዋ የምትወጣው ከቀዘቀዘ በርሜል ነው፤ ስለዚህ ቀጭኑ በርሜል ሲግል ጥይቱን ወደ ጎን መውሰዱ እዚህ ቦታ የለውም። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ቀጭን በርሜል በ100 ሜትር ላይ ጥይቶቹን 5 ሴንቲሜትር ውስጥ ቢሰበስብ በ200 ሜትር 10 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ደግሞ ስፋቱ በግምት 20 ሴንቲሜትር ነው። ይበቃል።

ትክክለኛነት ከውፍረት በፊት ከሌላ ቦታ ይመጣል። ጥይት መጉረሻው ቀጥ ብሎ መቆረጡ፣ የአፈሙዙ ጫፍ ያልተጎዳ መሆኑ፣ ጥይቱ ለዚያ በርሜል መስማማቱ ይቀድማሉ። አንድ ጎራሽ ላይ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። እንጨቱ ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው፤ ሰደፉ ለብቻ፣ ከበርሜሉ ስር ያለው የእጅ መያዣ ለብቻ። ያ የፊት እንጨት በርሜሉን በአንድ በኩል ከገፋው ወይም እርጥበት ጠጥቶ ካበጠ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል። እርግጥ ነው፣ ወፍራም በርሜል ይህን ግፊት የበለጠ ይቋቋማል። ነገር ግን እንጨቱን ማስተካከል እየተቻለ ግማሽ ኪሎ ብረት ተሸክሞ መዞር መፍትሔ አይመስለኝም።

«እንግዲያው ቀላሉ ይሻላል፤ የምሸከመው እኔ ነኝ»

ይህን የሚሉ ሰዎች ዳገት የወጡ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። እኔም መጀመሪያ ወፍራሙን ይዤ ነበር። ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ስተኩስ ሦስቱ ቀዳዳዎች ተነካክተው ቁጭ አሉ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጫካ ውስጥ በአራተኛው ሰዓት ግን ማንገቻው ትከሻዬን ቆርጦ ጠመንጃውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ማገላበጥ ጀመርኩ። አጋዘኑ ብቅ ሲል ክንዴ ዝሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ፤ እስክርቢቶ የመሰለ በርሜል። መሸከሙ ደስ ይላል። ችግሩ የመጣው ቆሜ ሳነጣጥር ነው። ዳገት ወጥታችሁ እያለከለካችሁ ጠመንጃ አንስታችሁ ታውቃላችሁ? አፈሙዙ ከልብ ምት ጋር ቱክ ቱክ ይላል። ቀላል በርሜል እያንዳንዱን ምት ያሳያል። ዒላማው ላይ ሲደርስ ያልፈዋል፣ ሲመልሱት እንደገና ያልፈዋል። ከፊት ትንሽ ክብደት ያለው በርሜል ግን ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፣ ቀስ ብሎም ይረጋል። ምላጩን ለመሳብ ጊዜ የሚሰጠው ያ ነው።

ስለዚህ ክብደት ጠላት አይደለም። ከፊት ያለች ጥቂት ክብደት ቆሞ ለሚተኩስ ሰው ደጋፊ ናት። ከመጠን ስታልፍ ግን ክንድ ታዝላለች፣ የዛለ ክንድ ደግሞ ከቀላል በርሜል የባሰ ይንቀጠቀጣል።

«አንድ ጎራሽ ላይ ረጅም በርሜል አይመችም»

ይህ ቦልት፣ ማለትም በእጅ ወደ ኋላ የሚጎተት መዝጊያ፣ ካለው ጠመንጃ የተወሰደ ሐሳብ ነው። ቦልት ወደ ኋላ የሚጎተትበት ቦታ ስለሚፈልግ መሃል አካሉ ይረዝማል። እንደ ዊንቸስተሩና እንደ ሩገሩ ባለ አንድ ጎራሽ ላይ ግን መዝጊያው ብረት ወደ ታች ነው የሚወርደው። ያ ሁሉ ቦታ አያስፈልግም። በዚህ የተነሳ ሁለቱ እኩል በርሜል ቢኖራቸው አንድ ጎራሹ በጥቅሉ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ያጥራል። 66 ሴንቲሜትር በርሜል ያለው አንድ ጎራሽ፣ 56 ሴንቲሜትር በርሜል ያለውን ቦልት ጠመንጃ ያህላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ርዝመት ከክብደት ጋር ይገናኛል። ረጅም በርሜል ክብደቱን ወደ ፊት ይወስዳል። ስለዚህ ረጅሙን የመረጠ ሰው መካከለኛ ውፍረት ይበቃዋል፣ ወፍራም ሲጨመርበት አፍንጫው ይደፋል። አጭሩን የመረጠ ደግሞ በጣም ቀጭን ባያደርገው ጥሩ ነው፣ ያለበለዚያ ከፊት ምንም አይቀርለትም። ግትርነትን በተመለከተ አጭሩ ያተርፋል፤ ውፍረቱ እኩል ከሆነ 56 ሴንቲሜትሩ ከ66ቱ ከ60 በመቶ በላይ የበለጠ ግትር ነው። ረጅሙ በበኩሉ ለጥይቱ ትንሽ ፍጥነት ይጨምራል። ክብደት ግን በፍጥነቱ ላይ ምንም አይጨምርም። ከባድ በርሜል «ኃይለኛ ነው» ሲባል ከሰማችሁ አትቀበሉት።

«ውፍረቱ እኩል ከሆነ ክብደቱም እኩል ነው»

ብዙ ገዢ የሚታለለው እዚህ ነው። በርሜል ቱቦ ነው፤ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ብረቱ ይቀንሳል።

እስቲ እናስላው። ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ 20 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 60 ሴንቲሜትር የሆነ የብረት በርሜል እንውሰድ። ቀዳዳው 7.62 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 1.26 ኪሎ ይመዝናል። ያንኑ በርሜል .45-70 ለሚባለው ወፍራም ጥይት በ11.6 ሚሊሜትር ብትበሱት ክብደቱ ወደ 980 ግራም ይወርዳል። ከውጭ ምንም ልዩነት የለም፣ ከሩብ ኪሎ በላይ ግን ጠፍቷል። እውነተኛ በርሜል ወደ አፈሙዙ እየቀጠነ ስለሚሄድ ቁጥሩ ይለያያል፣ ነገሩ ግን ያው ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ትልቁ ጥይት ትከሻን የበለጠ የሚመታ መሆኑ ነው። ክብደት በሚያስፈልግበት ጠመንጃ ላይ ክብደቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ጠባብ ቀዳዳ ላይ የወደዳችሁትን ውፍረት ሰፊ ቀዳዳ ላይ እንዳለ አትጠይቁ። አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት። ጠባብ ቀዳዳ ያለው ደግሞ በተቃራኒው አንድ ደረጃ ቢወርድ አይጎዳም።

«ትከሻ ላይ የሚያርፈው ምት በክብደት ብቻ ይፈታል»

ክብደት ይረዳል፣ እውነት ነው። የሩገር ቁጥር 1 ቀላሉ ወደ 3.3 ኪሎ፣ ባለ ከባድ በርሜሉ ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል። በአንድ ዓይነት ጥይት ምቱ ከቀላሉ ወደ ከባዱ 18 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን ለስላሳ ጥይት መምረጥ ወይም ሰደፉ ላይ ጥሩ የጎማ ትራስ ማድረግ ብዙ ጊዜ ከዚያ የበለጠ ያሳርፋል፤ እሱም ዳገት ላይ አይከብድም። የሰደፉ ቅርጽም አለ። ጠባብ እና ጠርዙ ወደ ውስጥ የጎደጎደ የድሮ ዓይነት የብረት መክደኛ ያለው ሰደፍ፣ ጠመንጃው ከባድ ቢሆንም ያማል።

«ስምንት ማዕዘን በርሜል በጣም ይከብዳል»

በጣም አይደለም። ከጎን እስከ ጎን 23 ሚሊሜትር የሆነ ስምንት ማዕዘን በርሜል፣ ያው ውፍረት ካለው ክብ በርሜል በ60 ሴንቲሜትር ላይ የሚበልጠው በ100 ግራም አካባቢ ነው። ስሙ የወጣው ድሮ ስምንት ማዕዘኖቹ ብዙ ጊዜ በወፍራሙ ስለሚሠሩ ነው። መልኩን ከወደዳችሁት ያዙት፣ ያምራል።

«ቀጭን በርሜል አደገኛ ነው»

ግፊቱ የሚበረታው ጥይት መጉረሻው ጋ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቀጭኑም በርሜል ወፍራም ነው። ወደ አፈሙዙ ሲሄድ ግፊቱ ስለሚቀንስ መቅጠኑ ችግር የለውም። አደጋው ያለው አንድ ሰው ወፍራም በርሜል ለማቅለል ብሎ በራሱ ሲያስፋቀው ነው። ይህን ሙያው ለሌለው ሰው በፍጹም አትስጡ።

ታዲያ እንዴት ይመረጥ? የዒላማ መነጽሩን ከነማሰሪያው ግጠሙበት፤ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኪሎ ገደማ ስለሆነ ያለ እሱ መመዘን ያሳስታል። ባዶ መሆኑን ከፍታችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ጠመንጃውን በአንድ ጣት ከስር ደግፉት። የሚረጋበት ቦታ ከመክፈቻው ብረት ፊት ለፊት፣ በርሜሉ ከሚጀምርበት አካባቢ ቢሆን እኔ እመርጠዋለሁ። ወደ ኋላ ከወደቀ በርሜሉ ቀሏል። ጣታችሁ የፊት እንጨቱ መሃል ድረስ ከሄደ ከብዷል። በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ደረጃ ወጥታችሁ ውረዱ። ትንፋሻችሁ ሳይመለስ ጠመንጃውን አንሱና ደህና ቦታ ላይ አነጣጥሩ፤ እስከ አስር ቁጠሩ። ስድስት ላይ አፈሙዙ ካሽቆለቆለ አንድ ደረጃ ቀላሉን፣ ከሦስት በፊት እንደ ዝንብ ከዞረ አንድ ደረጃ ከባዱን ሞክሩ።