ኤሲ ሞተር እና ዲሲ ሞተር፦ ልዩነቱ ምንድን ነው?

«የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ዲሲ ስለሆነ ሞተሩም ዲሲ ነው።» የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ይህን ነገር ያላነበብኩበት ቀን ጥቂት ነው። ትናንት ደግሞ አንዱ በሙሉ እርግጠኝነት ጽፎት ብዙ ሰው ሲያመሰግነው አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

ወንድሜ፣ ስለ ባትሪው ልክ ነህ፤ የሚሰጠው ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ነው። ሞተሩ ግን ዲሲ አይደለም። ዛሬ መንገድ ላይ የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ኤሲ ሞተር፣ ማለትም አቅጣጫው በሚገለባበጥ ከረንት የሚሠራ ሞተር ነው ያላቸው። የባትሪውን ዲሲ ወደ ሦስት ፌዝ ኤሲ (በየተራ በሚገለባበጡ ሦስት መስመሮች የሚሄድ) የሚቀይረው መሃል ላይ ያለው ኢንቨርተር ነው። ፈጣኑ ቻርጀር ዲሲ መባሉም ከባትሪው አሞላል ጋር እንጂ ከሞተሩ ጋር አይገናኝም።

ስህተቱ የሚመጣው ሞተርን በሚገባለት መብራት ብቻ ከመለየት ነው። ዲሲ ሞተር ውስጥ ያለው ኮይል (ከረንት ሲያልፍበት ማግኔት የሚሆነው የሽቦ ጥቅል) ራሱ የሚያገኘው እኮ የሚገለባበጥ ከረንት ነው!

ሣር ይዛችሁ በሬ ፊት ቁሙ። በሬው ይመጣል፣ ሣሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። እንደ አውድማ በሬ እንዲዞርላችሁ ከፈለጋችሁ ሊደርስ ሲል ሣሩን ወደፊት ማራቅ አለባችሁ። ማግኔትም እንደዚሁ ስቦ ስቦ አጠገቡ ሲያደርሰው ያቆመዋል። ስለዚህ የትኛውም ሞተር እንዲዞር ሣሩ መራቅ አለበት። ጥያቄው ማን ያርቀዋል ነው።

ባለ ካርቦኑ ዲሲ ሞተር ላይ የሚያርቀው በሬው ራሱ ነው። ዘንጉ ላይ ያለው ኮሚውቴተር (የተከፋፈለ የመዳብ ቀለበት) አብሮ ሲዞር ከረንት የሚያስገቡለት ካርቦኖች ከአንዱ መዳብ ወደ ሌላው ያልፋሉ፣ የኮይሉም ከረንት ይገለበጣል። በድሪል የጎን ቀዳዳ የምታዩት ሰማያዊ ብልጭታ የሚወጣው ከዚያ ነው። ድሪሉ የሚሰካው ግን ግድግዳ ላይ ነው፣ ኤሲ! ገመዱን አይቶ መፍረድ የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ኤሲ ላይ ደግሞ ሦስት ሰዎች በሬውን ከበው ቆመው በየተራ ሣር ያሳዩታል እንበል። ሦስቱ ፌዞች ናቸው። በ50 ኸርዝ (ከረንቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ዑደቱን ሲጨርስ)፣ አራት ፖል (የማግኔት ጫፍ) ባለው ሞተር ላይ ሣሩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል። የወፍጮ ሞተር ላይ የተለጠፈችውን ፕሌት አንብቡ፣ 1440 ገደማ ትላለች። «የቀረውን ፍትጊያ በላው» የሚል አይጠፋም፣ አይደለም። እንደ ወፍጮው ያለ የኢንዳክሽን ሞተር ሮተር (የሚዞረው ክፍል፣ በሬው) የራሱ ማግኔት የለውም፤ ማግኔት የሚሆነው ከሣሩ ወደኋላ ስለሚቀር ነው። እኩል ቢደርስ ከረንት አይፈጠርበትም፣ ጉልበቱም ይጠፋል። ያ በሬ የሚርበው ሣሩ ሲቀድመው ብቻ ነው ማለት ነው። ቋሚ ማግኔት ያለው ሮተር ግን እኩል ይሄዳል፣ የዛሬ መኪኖች በብዛት እንዲህ ናቸው። ፔዳሉን ስትረግጡ ኢንቨርተሩ ሣሩን ያፈጥነዋል፣ ሮተሩም ይከተላል።

ወፍጮ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ከጠፋ ሣሩ መዞሩን ትቶ ወዲያና ወዲህ ብቻ ይላል። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ አይነሳም፣ ከረንቱ ግን ኮይሉን ያግለዋል። «ትንሽ ልጠብቀው» አትበሉ። ወዲያው አጥፉትና ፊውዞቹን እዩ።