የበጀት ትምህርት በኦንላይን፦ ብዙዎቻችን የምንስታቸው ነገሮች

ለተማሪዎች የበጀት ትምህርት በኦንላይን የሚያዘጋጁ ሰዎች በጣም ይለፋሉ። ተማሪው ቪዲዮውን አይቶ ይጨርሳል፣ ክዊዙንም ያልፋል። ወሩ ሳይጋመስ ግን ብሩ ያልቅበታል። ጥፋቱ የተማሪው አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ትምህርቱ የተነደፈበት መንገድ ነው።

«ስለማያውቁ ነው፤ ከነገርናቸው ይበቃል»

አይበቃም። ተመራማሪዎቹ ፈርናንዴዝ፣ ሊንችና ኔተሜየር በ2014 (እ.ኤ.አ.) በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው መረመሩ። በሰዎች የገንዘብ አያያዝ መካከል ካለው ልዩነት ትምህርቱ የሚያብራራው 0.1 በመቶውን ብቻ ሆኖ አገኙት። የተማሩት ነገር በጊዜ ብዛት ይጠፋል።

ይሄ ግን ትምህርቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በ2022 የታተመ፣ 76 የሙከራ ጥናቶችን ያካተተ ትንተና ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ቁም ነገሩ ሰዓቱ ላይ ነው፤ ትምህርቱ ውሳኔው በሚወሰንበት ጊዜ መድረስ አለበት። ስለ ወር ወጪ የሚያወራው ክፍል የወሩ ገንዘብ እጅ በገባ ዕለት ቢላክ፣ ተማሪው እዚያው ይሠራበታል።

«ባዶ ሠንጠረዥ እንስጣቸው፣ ራሳቸው ሞልተው ይማሩ»

ይሄኛው ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ በቅን ልቦና የሚሠራ ስህተት ነውና። ጀማሪ ተማሪ ሃያ መስመር ያለው ባዶ ሠንጠረዥ ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። የወጪ ዓይነቶችን መለየት፣ መገመት፣ መደመር፣ ፎርሙላ መጻፍ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጡበታል። የአእምሮ ጫና ንድፈ ሐሳብን በ1980ዎቹ ያመነጨው ጆን ስዌለር ያስተማረን ይህንኑ ነው። አእምሯችን አዲስ ነገርን በአንድ ጊዜ ይዞ ማሰላሰል የሚችለው ጥቂት ጥቂት ብቻ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ ነው።

ለምሳሌ የወር ገቢ 4,000 ነው እንበል። ኪራይ 1,800፣ ምግብ 1,200፣ ትራንስፖርት 500፤ ቀሪው 500 ነው። ተማሪው እዚህ ጋ «ተረፈኝ» ይላል። ነገር ግን በየስድስት ወሩ የሚከፈል 1,200 አለበት። ለ6 ሲካፈል በወር 200 ይሆናል። እውነተኛው ቀሪ 300 ነው! ብዙ በጀት የሚፈርሰው በዚህች በተረሳች 200 ነው።

ይሄን አንድ በአንድ ሠርታችሁ አሳዩ። በሁለተኛው ምሳሌ የመጨረሻዋን ቅነሳ ብቻ ተዉለት። በሦስተኛው ማካፈሉንም እሱ ይሥራ። በአራተኛው የራሱን ቁጥሮች ይዞ ባዶው ሠንጠረዥ ላይ ይቀመጥ። ቀድሞ በጀት ሲይዝ ለቆየ ተማሪ ግን ዝርዝር ምሳሌው ጊዜ ማባከን ነው፣ ቀጥታ ወደ አራተኛው ይለፍ።

«አንዱ በማየት፣ ሌላው በመስማት ነው የሚማረው»

ሰው ምርጫ አለው፣ እሱ እውነት ነው። ተመራማሪው ፓሽለርና ባልደረቦቹ በ2008 ማስረጃውን ሲፈትሹ ግን፣ ትምህርትን በዚህ ዓይነት ከፋፍሎ መስጠትን የሚደግፍ በቂ ነገር አላገኙም። ለዚህ ብላችሁ ለየተማሪው ዓይነት የተለያየ ቪዲዮ ለማዘጋጀት አትድከሙ።

«ክዊዝ የሚጠቅመው ውጤት ለመስጠት ነው»

ክዊዝ ራሱ ያስተምራል። ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ተማሪዎችን ጽሑፍ አስነበቡ። ገሚሱ ደግመው አነበቡት፣ ገሚሱ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ለማስታወስ የታገሉት በለጡ።

ስለዚህ «በጀት ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከቪዲዮው ሥር አንሱት። በምትኩ ከሳምንት በኋላ ይሄን ላኩላቸው፦ ለትራንስፖርት ስንት መድባችሁ ነበር? እስካሁን ስንት አወጣችሁ? ካለፈ፣ ከየትኛው መስመር ላይ ትቀንሳላችሁ?