ከአውቶሞቢል የሚሠራ ፒክአፕ ምንድን ነው?

አሮጌ የቤት መኪና ይገኛል። ከፊት ወንበር በስተኋላ ያለው ጣሪያ ይቆረጣል። የኋላው ወንበር ይወጣና በቦታው ክፍት የዕቃ መጫኛ ይሠራል። ከፋብሪካ ሳይሆን ከጋራዥ ወይም ከግቢ የሚወጣ ፒክአፕ ማለት ይኸው ነው። ሲያወሩት ይቀላል። መቁረጡማ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐሳቡ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ሰዎች የፎርድ ሞዴል ቲ መኪናቸው ላይ ከኋላ ሳጥን እየገጠሙ ዕቃ ይጭኑ ነበር። ፎርድ ራሱ መጫኛ የተገጠመለትን ሞዴል ቲ በ281 ዶላር ለገበያ ያቀረበው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። ገበሬው ቀድሞታል ማለት ነው። ስዊድን ውስጥ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ትራክተር ሲጠፋ፣ አሮጌ መኪና እየተቆረጠ እርሻ ላይ ዋለ። «ኢፓ ትራክተር» ይሉታል። የእሱ ወራሽ የሆነው «ኤ ትራክተር» ዛሬም አለ፤ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚገደብ የ15 ዓመት ልጆች ጭምር ይነዱታል።

ወደ ብረቱ እንምጣ። የጥንቶቹ መኪኖች ከሥር ራሱን የቻለ ሻንሲ አላቸው። ሞተሩም ጎማውም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ቦዲው ከላይ በቡሎን ይታሰራል። እንዲህ ያለውን መኪና ጣሪያውን ብትቆርጡት ሸክሙን የሚችለው ሻንሲው ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። በኋላ የመጡት አብዛኞቹ አውቶሞቢሎች ግን የተለየ ሻንሲ የላቸውም። ወለሉ፣ ከበር ሥር ያለው ደፍ፣ የበር ምሰሶዎቹና ጣሪያው አንድ ላይ ተበይደው እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። የጫማ ካርቶን ክዳኑ ሲነሳ እንዴት እንደሚጣመም ታውቃላችሁ። ጣሪያው የተቆረጠ መኪናም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ በያጅ መጀመሪያ የሚያነሳው መቁረጫውን አይደለም። በሮቹ በትክክል እንደገጠሙ እያሉ፣ ከበሩ የፊት ምሰሶ እስከ ኋላው ምሰሶ የብረት ቱቦ አግድም ይበይዳል። ከቀኝ ወደ ግራም እንዲሁ ይወጥራል። ቦዲው ቅርጹን እንደያዘ እንዲቆይ ነው። ይህን ያልሠራ ሰው ቆርጦ ሲጨርስ በሩ አልዘጋ ይለዋል። አንዴ ከተጣመመ ደግሞ መመለሱ ከባድ ነው።

ከወንበሩ ጀርባ የሚቆመው ግድግዳ ለእኔ የሥራው ሁሉ ልብ ነው። ብዙ ሰው ዝናብና ንፋስ መከላከያ ብቻ ይመስለዋል። ግን ሁለቱን ምሰሶዎች፣ ወለሉንና የቀረውን ጣሪያ አያይዞ የጠፋውን ጥንካሬ የሚመልሰው እሱ ነው። ድንገት ፍሬን ሲያዝም ጭነቱ ሾፌሩ ጀርባ ላይ እንዳይመጣ የሚያግደው እሱ ነው። በስስ ላሜራ ተሸፍኖ ከታለፈ የተሠራው ለዓይን ብቻ ነው። በጎንና በጎን ያሉት የመጫኛ ግድግዳዎችም ከካቢናው ጋር ቢያያዙ ይመረጣል። የአውስትራሊያው ፎርድ ንድፍ ሠሪ ሉዊስ ባንት በ1934 እ.ኤ.አ. ለገበያ በበቃው መኪናው ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ካቢናውንና የመጫኛውን ጎኖች አንድ አካል አደረጋቸው።

ነዳጅ ታንከሩ ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ከዕቃ ማስቀመጫው ወለል በታች ነው። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ወጥቶ ርቆ መቀመጥ አለበት። ባዶ ነው ተብሎ አይተውም። ባዶው እንዲያውም ይብሳል፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። የባትሪውም ገመድ ይነቀል።

ሌላው ጉዳይ ክብደት ነው። መጫኛ ተሠራለት ማለት የጭነት መኪና ሆነ ማለት አይደለም። መኪናው የተሠራው ለአምስት ሰውና ለሻንጣ ነው፤ አክስሉም፣ ኩሽኔታውም፣ ፍሬኑም የተለካው በዚያ ነው። ባሌስትራ መጨመር የኋላውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ፍሬኑን አያጠነክረውም። ሞተሩ የፊት ጎማ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ከኋላ አክስል አልፎ የተጫነ ዕቃ ፊቱን ያቀለዋል። ያኔ ዳገት ላይ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል፣ መሪውም ይቀልላል። ባዶውን ሲሄድ ችግሩ ይገለበጣል። ኋላው ስለሚቀል ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። ከባድ ዕቃ ወደ ካቢናው ተጠግቶ ይጫን የሚባለው ፊቱ እንዳይቀል ነው።

ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። በብዙ ቦታ የመኪናው ዓይነት ሲቀየር ምርመራና አዲስ ምዝገባ ይጠየቃል። ይህን ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ነው፤ ከቆረጡ በኋላ ማን ይሰማል?

ለመሥራት ከሆነ ከሴዳን ይልቅ ጣሪያው እስከ ኋላ የሚዘልቀው ስቴሽን ዋገን ይሻላል፤ ወለሉ ድሮውኑ ጠፍጣፋ ነው፣ የኋላ በሩም አለ። የተሠራ ለመግዛት ከሆነ ደግሞ ቀለሙን ተዉትና አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ያለ ነገር ላይ አውጡት። ከዚያ ሁለቱንም በሮች ክፈቱ፣ ዝጉ። ቦዲው ደህና ከተጠገነ በሮቹ እንደ ወትሮው ይገጥማሉ። ከተያዙ ወይም ካልገጠሙ ዋጋው ምንም ቢረክስ ትታችሁት ሂዱ።