የውትድርና ምልመላ ማስታወቂያ ምንድን ነው?

የውትድርና ምልመላ ማስታወቂያ ማለት አንድ መንግሥት ወጣቶች ወደው ወታደር እንዲሆኑ ለማግባባት የሚያሠራው ፖስተር፣ በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት የሚያስነግረው ቅስቀሳ፣ በትምህርት ቤት ግቢ የሚዘረጋው ጠረጴዛ፣ አልፎ ተርፎም የሚያሠራጨው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ከክተት አዋጅ የሚለየው «ወደው» በሚለው ቃል ነው። ክተት ያዝዛል፤ የሚከተተውም ሰው የተጠራው ለጦርነት መሆኑን አይስትም። ማስታወቂያ ግን ማዘዝ ስለማይችል ያባብላል፤ ለማባበልም ሲል ጦርነቱን ራሱን ከሥዕሉ ያወጣዋል። ሰው ወዶ ገባ የሚባለው የሚገባበትን ነገር ሲያውቅ ነውና፣ ተቺዎች በዚህ ማስታወቂያ ላይ የሚያነሡት ዋና ክርክር፣ እኔም የምጋራው፣ ከዚህ ይጀምራል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ (ያን ጊዜ «ታላቁ ጦርነት» ይባል ነበር) በእንግሊዝ አገር በ1915 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ ፖስተር ጉዳዩን ከማንኛውም ትንተና በላይ ያሳያል። አንድ አባት በደህና ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሴት ልጁ ጭኑ ላይ ሆና የተገለጠ መጽሐፍ ይዛለች፤ ወንድ ልጁ ወለሉ ላይ የአሻንጉሊት ወታደሮችን ያሰልፋል። ልጅቷ «አባባ፣ አንተ በታላቁ ጦርነት ጊዜ ምን ሠራህ?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ አባትየውም መልስ አጥቶ ወደ ተመልካቹ ይመለከታል። ሥዕሉ የሚሠራው በሐፍረት ነው። ነገር ግን ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ጦርነቱ አልፏል፣ አባትም በሕይወት አለ። ለወጣቱ የቀረበለት ምርጫ ኮርቶ መኖር ወይም አፍሮ መኖር ብቻ ነው። ዘምቶ ያልተመለሰው አባት፣ ጥያቄዋን የምታቀርብለት ያጣችው ልጅ፣ በሥዕሉ ላይ ቦታ የላቸውም።

በዚያው ዘመን ወጣቶችን የሳበ ሌላ ተስፋም ነበር። የአንድ ከተማ፣ የአንድ ፋብሪካ ወይም የአንድ ሰፈር ልጆች አብረው ከተመዘገቡ አብረው እንደሚያገለግሉ ቃል ተገባላቸው። ቃሉም ተጠበቀ። ከሰሜን እንግሊዟ አክሪንግተንና ከአካባቢዋ የተመለመሉት ጓደኛሞች ሐምሌ 1 ቀን 1916 በፈረንሳይ በሶም ግንባር ሴር በምትባል መንደር ፊት አብረው ከምሽግ ወጡ። ለጥቃት ከተሰለፉት 700 ያህል ሰዎች ከ580 በላይ የሚሆኑት በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም የገቡበት ጠፋ። በዚያ አንድ ቀን የእንግሊዝ ጦር 19,240 ሰው ሞቶበታል። አብሮ መመዝገብ አብሮ መሞት ሆነና መርዶው በአንድ ጊዜ በየቤቱ ገባ። ማስታወቂያው ስለ ጓደኝነት የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ ጓደኝነቱ ወዴት እንደሚወስድ ግን አልተናገረም።

የዛሬው ምልመላ ትልቁ ሞዴል አሜሪካ ናት። በ1973 የግዳጅ ውትድርና ሲቆም፣ ሠራዊቱ እንደማንኛውም ቀጣሪ በገበያ መወዳደር ነበረበት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጣውና በ2023 እንደገና የተመለሰው የምድር ጦሩ መፈክር «መሆን የምትችለውን ሁሉ ሁን» ይላል። በዚህ መፈክር ውስጥ ጠላት የለም፣ አገርም አልተጠቀሰም፤ ያለው ወጣቱና የወደፊት ዕድሉ ብቻ ነው። ከ2002 እስከ 2022 ድረስ ጦሩ በነፃ ያቀረበው የኮምፒውተር ጨዋታም በሁለት ቡድን ያጫውት ነበር፤ ሁለቱም ቡድኖች ራሳቸውን የአሜሪካ ወታደር ሆነው ያዩ ነበር፣ ጠላት የሚመስለው ሁልጊዜ ተቃራኒው ወገን ነው። በጨዋታው የሞተ በሚቀጥለው ዙር ይነሣል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ቃል የሚገባው ጥቅም ባዶ አይደለም። ሠላሳ ስድስት ወር በመደበኛ ሠራዊት ያገለገለ ሰው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያው ሙሉ በሙሉ ሊሸፈንለት ይችላል፤ ለድሃ ቤተሰብ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ሚዛኑ ላይ ነው። መልማዩ በምሳ ሰዓት በትምህርት ቤት አዳራሽ ተገኝቶ፣ ቲሸርትና የውኃ ኮዳ አድሎ፣ ልጆቹን በክንዳቸው ብረት ላይ እንዲሳቡ እያወዳደረ ስለ ኮሌጅ ሲያወራ፣ በውሉ ላይ ስለተጻፈው ብዙ አያወራም። ውሉ ደግሞ ግልጽ ነው። የመጀመሪያ ተመዝጋቢ ጠቅላላ ግዴታው ስምንት ዓመት ነው፤ ማስታወቂያው የሚጠራው ሦስት ወይም አራት ዓመት የዚህ ክፍል ብቻ ነው። ሠራዊቱን የሚመለከቱ ሕጎች ለፈራሚው ሳይነገረው ሊለወጡ እንደሚችሉ፣ ለውጡም ደመወዙን፣ ጥቅሙንና ግዴታውን በውሉ ከተጻፈው ውጭ ሊነካ እንደሚችል በዚያው ወረቀት ሰፍሯል። በኢራቅ ጦርነት ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች የአገልግሎት ዘመናቸው ካበቃ በኋላ ያለፈቃዳቸው እንዲቆዩ የተደረጉት በእንዲህ ያለ ሥልጣን ነው። ማስታወቂያው ተስፋን ይሰጣል፤ የሚያስረው ግን ውሉ ነው።

«ተዋጊ ሳይሆን ሹፌር ነው የምሆነው» የሚለውም መጽናኛ በኢራቅ ፈርሷል። የፊት ግንባር በሌለበት ጦርነት፣ ነዳጅና ስንቅ የሚያመላልሱት ነበሩ መንገድ ዳር በተቀበረ ፈንጂ ላይ የሚነዱት። ጉዳቱ ደግሞ ወደ ቤት በመመለስ አያበቃም። የጦርነትን ዋጋ የሚያጠና የብራውን ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት በ2021 ባወጣው ግምት መሠረት፣ ከመስከረም 2001 ወዲህ በተደረጉት ዘመቻዎች የሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች 7,057 ሲሆኑ፣ በእነዚሁ ጦርነቶች ዘመን ካገለገሉት መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ደግሞ 30,177 ናቸው። ከአራት እጥፍ ይበልጣል። ይህን ቁጥር የያዘ የምልመላ ፖስተር አይቼ አላውቅም፤ ደግሞም ቁስሉን የሚሸከመው ወታደሩ ብቻ አይደለም፣ በሌሊት ሲባንን አብራው የምትነቃው ሚስቱና ድምፅ ላለማሰማት የሚጠነቀቁት ልጆቹም ናቸው።

ጉዳዩ በአሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችንም በቀጥታ ይነካል። በ2009 ገደማ በተጀመረ ፕሮግራም ሠራዊቱ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን፣ በሕጋዊ ቪዛ የሚኖሩ ቋንቋ አዋቂዎችን ፈጣን ዜግነት ቃል እየገባ መልምሏል፤ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። በ2016 አዲስ ምዝገባ ቆመ፤ ቀድመው በፈረሙት ላይም ተጨማሪ የደኅንነት ማጣሪያ ተጣለ። ብዙዎች ለዓመታት ሲጠባበቁ ቆዩ፣ አንዳንዶቹም ተሰናብተው ጉዳያቸውን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱ።

ስለዚህ ወላጆች ሁለት ነገሮችን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። በፌዴራል ሕግ መሠረት የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መልማዮች ሲጠይቁ የተማሪዎችን ስም፣ አድራሻና ስልክ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ወላጅ እንዳይሰጥ የሚል ደብዳቤ ካስገባ ትምህርት ቤቱ መከልከል አለበት። ፈርሞ የሚሄድበትን ቀን የሚጠብቅ ወጣት ደግሞ ወደ ማሠልጠኛ ከመሄዱ በፊት ሐሳቡን ከለወጠ በጽሑፍ አሳውቆ መውጣት ይችላል፤ መልማዩ «ትታሰራለህ» ብሎ ሊያስፈራራው አይፈቀድለትም።